«በቀን» ሳይሆን «በሰዓት» ነው

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

ስለ ግብፁ የቶሽካ በረሃ ልማት ባወጣችሁት ዘገባ ላይ፣ የሙባረክ የውሃ መሳቢያ ጣቢያ 24 ፓምፖች «በቀን 1.2 ሚሊዮን ሜትር ኩብ» ውሃ እንደሚስቡ ተጽፏል። ስህተት ነው። 1.2 ሚሊዮን ሜትር ኩብ የጣቢያው የአንድ ሰዓት አቅም ነው። የተሳሳተችው አንዲት ቃል ናት፤ የምታዛባው ግን ሃያ አራት እጥፍ ነው።

የፊደል ግድፈት ነው ብለን ባለፍነው ነበር። ዘገባው ግን በዚያው ቁጥር ላይ ቆሞ ፍርድ ሰጠ፤ በረሃ በዚህች ውሃ ከለማ፣ ዝናብ የጠገበው የጎጃም ገበሬ ለምን አያለማም ብሎ ጠየቀ። በተሳሳተ ቁጥር ሰው መውቀስ ነውር ነው።

ስህተቱን ለማየት ወረቀትና እርሳስ ይበቃል። ፕሮጀክቱ በ1997 እ.ኤ.አ. ሲጀመር ሊያለማ ያቀደው 540,000 ፈዳን (የግብፅ የመሬት መለኪያ) ነበር። አንድ ፈዳን 0.42 ሄክታር ስለሆነ ወደ 227,000 ሄክታር ይመጣል። 1.2 ሚሊዮኑን ለዚህ መሬት አካፍሉት፤ ለአንድ ሄክታር በቀን 5.3 ሜትር ኩብ ይደርሰዋል። በሄክታር 10 ሜትር ኩብ ማለት 1 ሚሊ ሜትር የውሃ ከፍታ ነው፤ እንግዲህ የደረሰው ግማሽ ሚሊ ሜትር ነው። በዚያ በረሃ፣ በሐምሌ ሐሩር፣ መሬቱን የሸፈነ አልፋልፋ የተባለው የከብት መኖ በቀን ከ8 ሚሊ ሜትር በላይ ይጠጣል። በግማሽ ሚሊ ሜትር የተዘራው ሥር ሳይሰድ ይደርቃል። አሁን ትክክለኛውን ውሰዱ። መጠባበቂያና ጥገና ስላለ ፓምፖቹ ሁሉ ሌት ተቀን አይሠሩም፤ ስለዚህ የጣቢያው የቀን አቅም 25 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ነው የሚባለው። ያንን አካፍሉት፤ 11 ሚሊ ሜትር ይሰጣል። ሂሳቡ የሚገጥመው እዚህ ላይ ነው።

ለጎጃም አንባቢ ቅርቡ መለኪያ ደግሞ ቆጋ ነው። መራዊ አጠገብ ያለው የቆጋ ግድብ ሲሞላ 83 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ይይዛል፤ የተሠራውም 7,000 ሄክታር እንዲያጠጣ ነው። በእናንተ አጻጻፍ እነዚያ ፓምፖች ቆጋን ለመጨረስ 69 ቀን ይፈጅባቸዋል። በእውነቱ፣ በሙሉ አቅማቸው ከሠሩ፣ የሚፈጅባቸው 69 ሰዓት ነው፤ ሦስት ቀን አይሞላም። በቆጋ የሚያጠጣው የሜጫ ገበሬ በጋውን ሙሉ በተራ የሚጠብቀውን ውሃ ማለት ነው። ይህን ልዩነት የሰረዘ ዘገባ ሁለቱን አገር ሊያወዳድር አይችልም።

ውሃውን ማንሳቱም በነፃ አይደለም። ፓምፖቹ የሚስቡበት፣ የአስዋን ግድብ ያጠራቀመው የናስር ሐይቅ ከፍታ ከባሕር ወለል በላይ ከ147 እስከ 183 ሜትር ድረስ ይወጣል ይወርዳል፤ ሐይቁ በጎደለ ቁጥር ፓምፑ ውሃውን ወደ ቦዩ የሚገፋበት ከፍታ ይጨምራል፤ የኤሌክትሪኩ ወጪም እንዲሁ። 1.2 ሚሊዮን ቶን ውሃ በአንድ ሰዓት 50 ሜትር ከፍ ይበል ቢባል፣ የፓምፕና የሞተር ብክነት ሳይታሰብ 163 ሜጋ ዋት ይፈልጋል። ይህ የጢስ ዓባይ ቁጥር 2 ማመንጫን አቅም ሁለት እጥፍ ይበልጣል። ከዚያ በኋላ ትነቱ አለ፣ በቦይ የሚሰርገው አለ። በመስኖ ውሃ የሚመጣው ጨውም ከአፈሩ ታጥቦ ካልወጣ መሬቱን ያነጣል፤ ለማጠብ ሰብሉ ከሚጠጣው በላይ ተጨማሪ ውሃና የማጠንፈፊያ ቦይ ያስፈልጋል። ቆጋ በስበት ነው የሚወርደው፤ ፓምፕ የለውም። የእኛ ወጪ ሌላ ቦታ ነው።

የበለጠ ያስቆጣን እሱ ወጪ አለመቆጠሩ ነው። ዘገባው የውሃውን መነሻ «ናስር ሐይቅ» ብሎ ዘጋው። ሐይቁ ማጠራቀሚያ ነው እንጂ መነሻ አይደለም። ግብፅና ሱዳን በ1959 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያን ሳይጠሩ 84 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ሲከፋፈሉ 55.5 ለግብፅ፣ 18.5 ለሱዳን፣ የቀረውን 10 ለትነትና ለስርገት ነው የመደቡት። አስዋን ከሚደርሰው ውሃ 85 በመቶ ያህሉ የሚወርደው ከኢትዮጵያ ደጋ ነው። ተምጫና ብር፣ ጨሞጋና ሙጋ፣ ፈታምና ግልገል ዓባይ በዘገባችሁ ውስጥ የሉም። በእነዚህ ወንዞች ራስ ላይ የሚሠራው ሕዝብም የለም።

ያ ሕዝብ ከጥር ጀምሮ ለተፋሰስ ዘመቻ ይወጣል፤ ያለ ክፍያ። ሥራው መለኪያ አለው፤ ለ1 ኪሎ ሜትር የአፈር እርከን 150 የሰው ቀን (የሰው ቀን አንድ ሰው በአንድ ቀን የሚሠራው ነው)፣ ለፋንያ ጁ (የተቆፈረው አፈር ወደ ዳገቱ ላይኛው ወገን እየተጣለ ለሚሠራው እርከን) 200፣ ለድንጋይ እርከን 250። 15 በመቶ በተዳፋ መሬት ላይ በሁለት እርከኖች መካከል 1.5 ሜትር የከፍታ ልዩነት ቢተው፣ እርከኖቹ በ10 ሜትር ይራራቃሉ፤ አንዱ ሄክታር 1 ኪሎ ሜትር እርከን ይወስዳል። አንድ ሰው ብቻውን ቢሠራው ግማሽ ዓመት ሊሞላው ምንም አይቀረው። የፓምፑን ዋጋ «ኢንቨስትመንት» ብላችሁ ስትጽፉ፣ ይህስ ምን ይባላል?

ስለ እርከኑ ውድቀትም መጻፍ ይቻል ነበር፤ እኛ አንደብቀውም። ጎጃም ዝናቡ ብዙ ነው። በደረቅ አገር ውሃ ለመያዝ ተብሎ ሳይዳፋ በውሃ ልክ የተስተካከለ እርከን እዚህ ሲሠራ ውሃው ከኋላው ይተኛል፣ ሰብሉን ቢጫ ያደርገዋል፣ በሐምሌ በአንዱ ዝቅ ያለ ቦታ ጥሶ ቦረቦር ይከፍታል። ስለዚህ እርከኑ በ100 ሜትር ከግማሽ እስከ 1 ሜትር መዳፋት አለበት። ውሃውን የሚቀበለው የሣር ፋሰስ (ሣር የለበሰ የጎርፍ መውረጃ) ደግሞ ከእርከኑ አንድ ዓመት ቀድሞ ተዘጋጅቶ ሣሩ መያዝ አለበት። በዘመቻ ጥድፊያ የሚዘለለው ይህ ነው፤ የቁጥር ሪፖርት ኪሎ ሜትር እንጂ ፋሰስ አይጠይቅም። ከብት በልቅ ከተሰማራበትም የክረምቱን ጎርፍ ሳይጠብቅ ይናዳል። የታጠበው አፈር ወደ ዓባይ ይገባል፤ የሕዳሴው ግድብ ውሃ ከመያዙ በፊት ድንበር ተሻግሮ ይወርድ የነበረው ደለል በዓመት ከ100 ሚሊዮን ቶን በላይ ነበር።

ስለዚህ የምንጠይቀው ሁለት ነገር ነው። «በቀን» የሚለው «በሰዓት» ተብሎ፣ ዘገባው በወጣበት ገጽ ላይ ይታረም። ሁለተኛ፣ ዘጋቢያችሁ በየካቲት ሜትርና ውሃ ልክ ይዞ ይምጣ። ደምበጫ አካባቢ ካለው ከአንጀኒ ይጀምር፤ በ113 ሄክታሯ ተፋሰስ ላይ ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጎርፉና ደለሉ ሲለካ ቆይቷል፣ በ1986 እ.ኤ.አ. የተሠራውን ፋንያ ጁም በእግሩ ሄዶ ሊለካው ይችላል።

የመስኖና የአፈር ጥበቃ ባለሙያዎች
ከምዕራብ ጎጃም