ሁለት ሲሪንጅ፣ አንድ አፍ

ይድረስ ለምወድሽ ጓደኛዬ፣

እንዴት ከርመሻል? እኔ አለሁ። ይህን ያህል ጊዜ ድምፄን ያጠፋሁት ኩርፊያ እንዳይመስልሽ። ስንፍና ነው። ዛሬ ልጻፍ፣ ነገ ልጻፍ ስል ዓመቱ ሄደ። ከዚያ ደግሞ እፍረቱ ተጨመረበት። ስድቡን ስንገናኝ ታወርጂብኛለሽ።

ዛሬ ያስነሳኝ የድሮ አባባልሽ ነው። አዲስ ዕቃ ባየሽ ቁጥር "ይሄንንማ ማንም ይሠራዋል!" ትይ ነበር። አሁን ሥራዬ የአሜሪካ የፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) ክርክሮችን ማንበብ ነው፤ ቀኑን ሙሉ የሚጨቃጨቁት በዚችው አባባልሽ ነው።

ሰሞኑን የያዝኩት በቀዶ ሕክምና ጊዜ ደም የሚያቆም ዕቃ ነው። በአንዱ ሲሪንጅ ፋይብሪኖጅን፣ በሌላው ትሮምቢን አለ። ሁለቱም ደም ለመርጋት የሚጠቀምባቸው ፕሮቲኖች ናቸው። ሲገናኙ ትሮምቢኑ ፋይብሪኖጅኑን ይቆራርጠውና ፋይብሪን የሚባል ድር ይሆናል። ሐኪሙ ሁለቱን ባንድ ላይ ይገፋል፣ ጫፉ ላይ ይቀላቀላሉ፣ አለቀ። ሥዕሉን ሳየው ሳቄ መጣ። መሳቢያዬ ውስጥ ያለው ባለሁለት ቱቦ ኢፖክሲ ማጣበቂያ እኮ ነው!

ፓተንቱን የሚቃወሙትም የሚሉት ይህንኑ ነው። በአሜሪካ የፓተንት ሕግ አንቀጽ 103 መሠረት፣ በሙያው ላለ ተራ ባለሙያ ግልጽ የሆነ ነገር ፓተንት አያገኝም። ነገሩ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1851 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የበር እጀታን ከሸክላ መሥራት የጎበዝ ሠራተኛ ሥራ እንጂ ፈጠራ አይደለም ብሏል። በ2007 ደግሞ በመኪና የነዳጅ ፔዳል ክርክር፣ ተራ ባለሙያም የራሱ ብልሃት አለው፣ ማሽን አይደለም ብሎ፣ ፓተንትን "ግልጽ ነበር" ብሎ መጣሉን አቀለለው።

እኔም "ልክ ናቸው" አልኩ። አንድ ቀን ኢፖክሲውን አውጥቼ ትንሽ ገፋሁ። ስልክ ተደወለ፣ ወሬ ያዝኩ። ስመለስ ቀጭኗ መቀላቀያ አፍንጫ ድንጋይ ሆናለች።

ኢፖክሲ ቢያንስ ደቂቃዎች ይሰጥሻል። ትሮምቢኑ በዛ ካለ ግን ያለሽ ሰከንዶች ናቸው። ቀዶ ሐኪም ደግሞ አንዴ ረጭቶ አይጨርስም። ይረጫል፣ ያቆማል፣ ያያል፣ እንደገና ይረጫል። ባቆመ ቁጥር ጫፉ ውስጥ የቀረችው ጠብታ ረግታ ትደፍነዋለች። ሙግቱ ሁሉ ያለው እዚያች ሚሊሜትር ላይ ነው። አንዱ የፈጠራ ባለቤት ሁለቱን ቱቦ እስከ ጫፉ ከንፈር ለያይቶ ውጭ ያገናኛቸዋል። ሌላው ጫፉ እንዲቀየር ያደርጋል። ሌላው በጋዝ ይረጨዋል። (ጋዙ ቀላል እንዳይመስልሽ፤ ግፊቱ ከበዛ ወይም ከተጠጋ ደም ሥር ውስጥ ገብቶ ሊገድል ይችላል።)

ተቃዋሚው ከአንዱ የድሮ ሰነድ ቱቦውን፣ ከሌላው ጋዙን ለቅሞ ይሰፋና "ይኸው፣ ግልጽ ነበር" ይላል። ካዩት በኋላማ ምን የማይገለጽ አለ? ሕጉም ይህን ወጥመድ ያውቀዋል። ስለዚህ ችግሩ ሲያስቸግር ኖሮ ሌሎች ሞክረው አቅቷቸው ከነበረ፣ ያም ይቆጠራል።

ሁለት ሲሪንጅ አስሬአለሁ ብሎ መብት የሚጠይቀውን እኔም አባርረዋለሁ። ከንፈሯ ለምን እንደማትደፈን ያሳየኝን ግን እሰጠው ነበር። አንቺስ? ደግሞ "ማንም" እንዳትዪኝ። ኢፖክሲዋ እንደደረቀች ጠረጴዛዬ ላይ ናት፤ ስትመጪ አንቺው ትከፍቻታለሽ።

ያንቺው