የሳተላይቱን በጀት ስንከራከር የጣናን ደመና አንርሳ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ስለ አገራችን የጠፈር ፕሮግራም የሚጻፈው ሁሉ በሁለት ጎራ ይከፈላል። አንዱ «ዳቦ ላላገኘ ሕዝብ ሳተላይት ምኑ ነው?» ይላል፤ ሌላው «ሰማይ ላይ የራሳችን ዓይን ይኑረን» ባይ ነው። ሁለቱም የሚሟገቱት በማምጠቂያው ወጪ ላይ ነው። ከባሕር ዳር ሆኖ ለሚያየው ግን ገንዘቡ የሚያጥረው ምድር ላይ ነው።

ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ከቻይና የመጠቀችው የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ኢቲአርኤስኤስ-1 ወጪዋ 8 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር፤ 6 ሚሊዮን ያህሉን የሸፈነችው ቻይና ናት። ስለዚህ «የድሃ ገንዘብ ነደደ» የሚለው ክስ ብዙ አያስኬድም። መሐንዲሶቻችን እጃቸውን አፍታትተውባታል፤ ይኼ ቀላል አይደለም። ካሜራዋ ግን የሚለየው ትንሹ ስፋት 13.7 ሜትር ገደማ ነበር። የአውሮፓዎቹ ሴንቲኔል-2 ሳተላይቶች እስከ 10 ሜትር ለይተው፣ በየ5 ቀኑ ጣናን ያነሳሉ፤ ምስሉም በነጻ ይወርዳል።

ጣናን የወረረውን አረም፣ እምቦጭን እንውሰድ። ቅጠል ቀይ ብርሃንን ይውጣል፣ ለዓይን የማይታየውን የኢንፍራሬድ ብርሃን ይመልሳል፤ ውሃ ደግሞ ኢንፍራሬድን ይውጣል። በሁለቱ ልዩነት አረሙን ከውሃው መለየት ቀላል ነው። ችግሩ ደንገሉም የፎገራ ሩዝም በዚያው ስሌት እምቦጭ መስለው መውጣታቸው ነው። ሩዙን ለማስወጣት የሐይቁን ዳርቻ አስምሮ ከመስመሩ ውጭ ያለውን መቁረጥ ተለምዷል። ነገር ግን ሐይቁ ከበጋ ክረምት ከፍና ዝቅ ሲል፣ ሜዳ በሆነው በደንቢያና በፎገራ በኩል ዳርቻው ርቆ ይሸሻል። በግንቦት የተሰመረ መስመር ለመስከረም አይሆንም፤ በየወሩ ማደስ የግድ ነው።

ከሰኔ እስከ መስከረም ደግሞ ደመናው አለ። ካሜራ ደመና አያልፍም፤ የሚያልፈው የራሱን ሞገድ ልኮ የሚመለሰውን የሚያነበው ራዳር ነው። የአውሮፓዎቹ ሴንቲኔል-1 ሳተላይት ራዳር 5.6 ሴንቲ ሜትር ገደማ በሆነ ሞገድ ይሠራል፤ የረጋ ውሃ ጠቁሮ፣ እምቦጭ ነጥቶ ይታይበታል። ነፋስ ውሃውን ሲያናውጠው ግን ውሃውም ይነጣል። በቁም እየተወዛወዘ ተልኮ በአግድም እየተወዛወዘ የተመለሰውን ሞገድ የሚጠቀም ሰው በዚህ ብዙም አይታለልም። ቀጣዩ ሳተላይታችን አሁንም ካሜራ ብቻ ከሆነ፣ በጣና ክረምት ዕውር ነው። «የሌላ አገር ዓይን አያስተማምንም» የሚሉትም እውነት አላቸው፤ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2021 ከሁለቱ የሴንቲኔል-1 ሳተላይቶች አንዱ፣ ሴንቲኔል-1ቢ፣ ሲበላሽ፣ የቀረችው አንዷ ወደ ተመሳሳይ ምሕዋር የምትመለሰው በ12 ቀን ነበር።

ምስሉ ቢገኝስ? እምቦጭ በነፋስ ይነዳል። ካርታው በአንድ ሁለት ቀን ማጨጃ ማሽኑ ዘንድ ካልደረሰ፣ ማሽኑ ባዶ ውሃ ላይ ይቆማል። የካርታውን ትክክለኛነት ለማረጋገጥም ሳተላይቱ ባለፈበት ቀን በጀልባ ወጥቶ ጂፒኤስ መያዝ ያስፈልጋል፤ ነጥቡ የሚወሰደውም ቢያንስ 30 ሜትር ከሚሰፋ የአረም ምንጣፍ መሐል እንጂ ከጠርዙ አይደለም። ጠርዝ ላይ አንዱ ፒክስል (የምስሉ ትንሿ ካሬ) ግማሹ ውሃ፣ ግማሹ ቅጠል ነው። ይኼ ሁሉ ነዳጅና አበል ነው፤ በጀት ሲጠብ መጀመሪያ የሚሰረዘውም እሱ ነው።

አሜሪካኖችም በዚህ አልፈዋል። እ.ኤ.አ. በ1984 የላንድሳት ሳተላይታቸውን ምስል ለግል ኩባንያ ሽያጭ ሰጡና የአንዱ ዋጋ ከ4 ሺህ ዶላር በላይ ደረሰ፤ ተመራማሪው ሸሸ። እ.ኤ.አ. በ2008 በነጻ ሲለቀቅ ተጠቃሚው ጎረፈ። ያው ሳተላይት፣ ያው ካሜራ!

እንግዲህ ቀጣዩ ሳተላይት ለምክር ቤት ሲቀርብ፣ ለራዳር ባለሙያ፣ ለሰርቨር፣ ለጀልባና ለነዳጅ የተያዘው ገንዘብ ከማምጠቂያው ተለይቶ፣ በየዓመቱ ተዘርዝሮ ይቅረብ። ያ ዝርዝር የሌለው ዕቅድ ባይጸድቅ ይሻላል።

አንድ የሳተላይት ምስል ባለሙያ
ከባሕር ዳር