ጉዳዩ፦ ለቪዛ በተደረገ የቤት ምርመራ ሳሎናችን ሳይቆጠር በመቅረቱ ስለደረሰብኝ ጉዳት የቀረበ ቅሬታ

ቀን፦ ኦገስት 27 ቀን 2025
(በደብዳቤው ያሉት ቀኖች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)

ለድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ
ለንደን

ባለቤቴን ከኢትዮጵያ ለማምጣት የትዳር ቪዛ ማመልከቻዬን እንድታዘጋጁልኝ ጃንዋሪ 17 ቀን ቢሮዎ መጥቼ ውል ፈርሜያለሁ። የተስማማንበትን 900 ፓውንድ የዚያኑ ዕለት ከፍያለሁ፤ ደረሰኙ እጄ ላይ አለ። ዛሬ ሰባት ወር ከአሥር ቀን ሆኖታል። ማመልከቻው አልገባም። ያልገባበትን ምክንያት በስልክ ሳስረዳ ሦስት ጊዜ ሌላ ሰው ስላገናኛችሁኝ ከመጀመሪያው ጀምሬ በጽሑፍ አቀርባለሁ።

የእኔ ጉዳይ ከባድ የሚባል አይደለም። ደመወዜ በዓመት 31,000 ፓውንድ ነው፤ የሚጠየቀው 29,000 ነው። ባለቤቴ የእንግሊዝኛ ፈተናውን አልፏል። የጋብቻ ምስክር ወረቀታችን ተተርጉሟል። ፌብሩዋሪ 12 ቀን ደግሞ ከደሴ አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ በአይ.ኦ.ኤም (በዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት) የሳንባ ነቀርሳ ምርመራውን አድርጎ ወረቀቱን ወስዷል። የቀረን የቤት ጉዳይ ብቻ ነበር። እኔ የምኖረው ከእናትና ከአባቴ ጋር በራሳቸው ቤት ነው። ባለቤቴም ሲመጣ እዚያው እንዲገባ ነው ያሰብነው፤ ቢያንስ የራሳችንን እስክንይዝ።

ባልደረባዎ ይህን ስነግረው ፊቱ ተለወጠ። «ከቤተሰብ ጋር? እሱ አስቸጋሪ ነው፤ ኢንስፔክሽን ያስፈልገዋል» አለኝ፤ ቤቱ ለስንት ሰው እንደሚበቃ የሚታይበት ምርመራ ማለቱ ነው። ግዴታ ነው ወይ ብዬ ጠየቅሁ። «ያለ እሱ አይሞከርም» አለ። በኋላ እንዳነበብኩት የኢንስፔክሽን ሪፖርት ማያያዝ ይጠቅማል እንጂ ግዴታ አይደለም። ያኔ ግን አላወቅሁም፤ የማላውቀውን እንዲያውቅልኝ ነው የከፈልኩት። ለኢንስፔክተሩ 180 ፓውንድ ተጨማሪ ከፈልኩ።

ኢንስፔክተሩ ፌብሩዋሪ 26 ቀን ረቡዕ መጣ። ዐቢይ ጾም የገባበት ሳምንት ነበር። ፎቅ ወጥቶ ሦስቱን መኝታ ቤቶች በየበራፉ ቆሞ አየ፤ ሜትር ከኪሱ ሲያወጣ አላየሁም። ሲወርድ እናቴ ሳሎን አስቀመጠችው። ቡናው ተፈልቶ ነበርና ከቆሎ ጋር አቀረበችለት። ሁለተኛውን ጠጥቶ፣ መርቆ ሄደ። ማርች 5 ቀን የደረሰኝ ሪፖርት «ለመኝታ የሚሆኑ ክፍሎች፦ 3፤ ነዋሪዎች ባል ሲጨመር፦ 6፤ ቤቱ ከሚፈቀደው በላይ የተጨናነቀ ነው» ይላል። ቡና የጠጣበትን ክፍል ሳይቆጥረው ነው የሄደው።

ይህ ለምን ትልቅ ነገር እንደሆነ ለእርስዎ ማስረዳት አልነበረብኝም፤ ሥራዎ ነው። ግን ባልደረባዎ እስከ ዛሬ ስላልተቀበለኝ ልጻፈው። የቪዛው ደንብ ቤቱ በቂ አይደለም የሚለው በሕግ የተጨናነቀ ከሆነ ወይም የጤና ደንብ የሚጥስ ከሆነ ነው። መጨናነቅ የሚለካው በ1985ቱ የቤቶች ሕግ ነው። ያ ሕግ ደግሞ መኝታ ቤት ብቻ አይደለም የሚቆጥረው፤ በአካባቢው ልማድ ለመኝታ ወይም ለሳሎን የሚያገለግል ክፍል ሁሉ ይቆጠራል። ወጥ ቤትና መታጠቢያ ቤት አይገቡም። ሦስት ክፍል ለአምስት ሰው ነው፤ አራት ክፍል ለሰባት ሰው ተኩል።

ተኩል የሚለው ቃል እኔንም መጀመሪያ አስቆኝ ነበር። ከአንድ ዓመት በታች ያለ ሕፃን ጭራሽ አይቆጠርም፤ ከአንድ ዓመት እስከ አሥር ያለ ልጅ እንደ ግማሽ ሰው ነው። ታናሽ እህቴ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ስለዚህ እናቴ፣ አባቴ፣ የ17 ዓመት ወንድሜ፣ እኔ፣ ባለቤቴና እህቴ ስንደመር ስድስት ሳንሆን አምስት ተኩል ነን። ለሰባት ተኩል የሚበቃ ቤት ውስጥ። ኢንስፔክተሩ ሳሎኑን አውጥቶ እህቴን ሙሉ ሰው አድርጎ ስድስትን በአምስት ላይ ጫነ። (እህቴ ግማሽ መባሏን ስትሰማ ለሦስት ቀን አኮረፈችን፤ ሙሉ ሰው ያደረጋት የእናንተ ሪፖርት ብቻ ነው።)

የክፍሎቹ ስፋትም ለብቻው ይታያል፤ ከሁለቱ ስሌቶች ትንሹ ነው የሚያዘው። ወንድሜና እኔ ጁላይ ላይ ሜትር ገዝተን ለካን። ትልቁ መኝታ ቤት 4 በ3.4 ሜትር ነው፤ ይህ 146 ስኩዌር ፊት ግድም ስለሆነ ሁለት ሰው ይይዛል። 110 ስኩዌር ፊትና ከዚያ በላይ ሲሆን ሁለት ነውና። መካከለኛው 3.2 በ3 ነው፤ 103 ስኩዌር ፊት፣ አንድ ሰው ተኩል። ትንሹ 2.9 በ2.4 ነው፤ 75 ስኩዌር ፊት አካባቢ፣ አንድ ሰው። ሳሎኑ 4.6 በ3.5፤ 173 ስኩዌር ፊት፣ ሁለት ሰው። ድምሩ ስድስት ተኩል። እህቴ ኦክቶበር ላይ አሥር ዓመት ሞልቷት ሙሉ ሰው ብትሆን እንኳ ስድስት እንሆናለን፤ አሁንም ይበቃናል። ዕድሜያቸው አሥር የሞላና ባልና ሚስት ያልሆኑ ወንድና ሴት አንድ ክፍል ለመተኛት መገደድ የለባቸውም የሚለውም ቢሆን አራት ክፍል እስካለ ድረስ ችግር አይሆንም።

ይህን ሁሉ ለማግኘት የፈጀብኝ ሁለት ምሽትና የ6 ፓውንድ ሜትር ነው።

የእናንተ ምላሽ ግን ምን ነበር? «ሳሎን መኝታ አይደለም፤ ቤት ተከራዪ።» እናቴ ይህን ስትሰማ መጀመሪያ በባልደረባዎ ሐሳብ ተስማምታ ነበር፤ ሳሎኗ ላይ ማንም እንዲተኛ አትፈልግም። ነገር ግን ሕጉ የሚጠይቀው ማን የት እንደሚተኛ ሳይሆን መተኛት የሚቻልበት ክፍል መኖሩን ነው። ለእኔና ለባለቤቴ የብቻችን የሆነ አንድ መኝታ ቤት ተለይቶልናል፤ ሌላውን በጋራ መጠቀም አይከለከልም። ይህንንም ባልደረባዎ ማወቅ ነበረበት።

ቤት እንድከራይ ሲነግረኝ የደላላ ስልክ ጽፎ ሰጠኝ። ደላላውና ድርጅትዎ የጥቅም ግንኙነት አላቸው አልልም፤ ማስረጃ የለኝም። ግን ስደውል «ከእነ እገሌ ቢሮ ነሽ አይደል?» ነበር የመጀመሪያ ጥያቄው። በወር 1,380 ፓውንድ የሆነ አንድ ክፍል ስቱዲዮ አሳየኝ። ቤቱ እንዲያዝልኝ የአንድ ሳምንት ኪራይ 318 ፓውንድ ከፈልኩ። አባቴ ነገሩን ሲሰማ፣ በነጻ የምትኖሪበት ቤት እያለ ይህን ሁሉ ገንዘብ ለምን ትከፍያለሽ ብሎ ተቆጣ፤ እኔም ሒሳቡን ሳየው አልቻልኩም፣ ተውኩት። የተውኩት እኔ ስለሆንኩ ገንዘቡ አልተመለሰም። ድርጅትዎ በበኩሉ ለዚሁ «የቤት ጉዳይ ተጨማሪ ሥራ» ብሎ 400 ፓውንድ አስከፍሎኛል። ተጨማሪ ሥራው ምን እንደነበር ደረሰኙ ላይ አልተጻፈም።

አሁን ወደ ፈቃድ ደብዳቤው ልምጣ። አባቴ «ልጄና ባሏ በቤቴ እንዲኖሩ ፈቅጃለሁ» የሚል ደብዳቤ መፈረም ነበረበት። እናቴ እዚህ ላይ ደግሞ «አማች በደብዳቤ ነው እንዴ የሚገባው!» ብላ ስቃለች፤ እኛ ግን አገሩ የሚጠይቀውን ነው የምንሰጠው ብለን አሳመንናት። ድርጅትዎ ያዘጋጀውን ደብዳቤ ሜይ 9 ቀን ይዤ ገባሁ። አባቴ መነጽሩን አድርጎ፣ እስክሪብቶውን ይዞ፣ ሁልጊዜ እንደሚያደርገው ከላይ እስከ ታች አነበበው። ከዚያ እስክሪብቶውን አስቀመጠና «ይቺ ሴትዮ ማን ናት?» አለኝ።

የእኔ ስም አልነበረም። የሌላ ሰው ደብዳቤ ነው፤ ከላይ የአባቴ ስም ተቀይሮ ከታች የሌሎች ሰዎች ስም፣ የቤት አድራሻና የልደት ቀን እንዳለ ቀርቷል። እንዲያውም «የእህቴ ልጅ» ይላል። የሰዎቹን ማንነት እዚህ አልጽፍም፤ ወረቀቱን በፖስታ አሽጌ አስቀምጬዋለሁ፤ ስትጠይቁኝ እመልሳለሁ። ግን እነዚያ ሰዎች ምስጢራቸው የእኔ አባት ጠረጴዛ ላይ እንደዋለ ሊነገራቸው ይገባል። የእኔስ ወረቀት የማን ጠረጴዛ ላይ እንዳለ በምን አውቃለሁ?

ደግሞ ደብዳቤው ብቻውን ምን ይሠራል? አባቴ የቤቱ ባለቤት መሆኑን የሚያሳይ ነገር እንዲያያይዝ አንድም ሰው አልጠየቀውም። የተጠየቅነው የጋዝ ቢል ብቻ ነው። የቤቱን የባለቤትነት መዝገብ ቅጂ ከላንድ ሬጂስትሪ በኢንተርኔት ራሴ አወጣሁት፤ 7 ፓውንድ ነው የፈጀው። የሞርጌጅ መግለጫውንና የካውንስል ታክሱንም አባቴ ከመሳቢያው አውጥቶ ሰጠኝ። ሁሉም ከጃንዋሪ ጀምሮ እዚያው መሳቢያ ውስጥ ነበር።

ጁላይ 14 ቀን የለካነውንና ስሌቱን በኢሜይል ላክሁላችሁ። መልሱ በዋትሳፕ በድምፅ መጣ፤ «እህቴ አትጨነቂ፣ እናየዋለን።» ጁላይ 28 ቀን ፋይሌን መልሱልኝ፣ ራሴ አስገባዋለሁ ስል ደግሞ «የፋይል መዝጊያ 250 ፓውንድ» ተባልኩ። በፈረምኩት ውል ላይ እንዲህ ያለ ክፍያ የለም፤ ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። የጋብቻ ምስክር ወረቀታችን ዋናው እናንተ ዘንድ ስለሆነ ያለ እሱ ማስገባት አልቻልኩም።

እናም ቀኑ ሄደ። የምርመራ ወረቀቱ የሚያገለግለው ስድስት ወር ብቻ ስለሆነ ኦገስት 12 ቀን ጊዜው አለፈ። ባለቤቴ እንደገና ከደሴ ተነስቶ፣ ከሥራው ፈቃድ ለምኖ፣ እንደገና ሊከፍል ነው። እኔም የደመወዝ ወረቀቶቼና የባንክ መግለጫዬ ስለቆዩ እንደ አዲስ መሰብሰብ አለብኝ። በማርች ብናስገባ ኖሮ የማመልከቻው ክፍያ 1,846 ፓውንድ ነበር፤ ከኤፕሪል 9 ጀምሮ 1,938 ሆኗል። የጤና ክፍያው 3,105 ፓውንድ ሳይቆጠር ማለት ነው። ይህን ገንዘብ ሠርቼ ያጠራቀምኩት ነው፤ ማታ ማታ ተጨማሪ ሰዓት እየገባሁ።

ባለቤቴ በየሳምንቱ እሑድ ሲደውል «ቤቱ በቃ?» ብሎ ነው የሚጠይቀኝ። መጀመሪያ ቀልድ ነበር። አሁን አይስቅም። እሱ ዘንድ ወሬው ሌላ መልክ ይዟል፤ የሚስቱ ቤተሰቦች አልፈለጉትም የሚል ዘመድ አልታጣም። አባቴ ይህን ሰምቶ ራሱ ደውሎ አነጋግሮታል። የአንድ ኢንስፔክተር ስንፍና ደሴ ድረስ ሄዶ የሰው ቤት ይገባል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ነው። የጋብቻ ምስክር ወረቀቱን ጨምሮ ሙሉ ፋይሌ ያለ ምንም ክፍያ በአምስት የሥራ ቀን ውስጥ ይመለስልኝ፤ ከሁሉ የሚቀድመው እሱ ነው። ለኢንስፔክተሩ የከፈልኩት 180፣ ለተጨማሪ ሥራ የተባለው 400፣ በእናንተ ምክር ምክንያት ያጣሁት 318 እና የጨመረው የማመልከቻ ክፍያ 92፣ በድምሩ 990 ፓውንድ ይመለስልኝ። የባለቤቴን የሁለተኛ ምርመራና የመንገድ ወጪ ደረሰኙ ሲደርሰኝ እጨምራለሁ። ከ900 ፓውንዱ በእውነት የሠራችሁበትን ዘርዝራችሁ ቀሪውን መልሱ፤ የጋብቻ ወረቀቱን ትርጉም በደንብ ሠርታችኋል፣ እሱን አልክድም። ስማቸው በእኔ ደብዳቤ ላይ ለወጣው ሰዎችም እንድታሳውቁና ማሳወቃችሁን በጽሑፍ እንድታረጋግጡልኝ እፈልጋለሁ።

ሪፖርቱ ይታረምልኝ አልልም። ማመልከቻው ውስጥ ስለማላስገባው አያስፈልገኝም። ግን ያው ኢንስፔክተር ነገ የሌላ ሰው ሳሎን ውስጥ ቡና ጠጥቶ እንዳይወጣ እርስዎ ይመልከቱት።

ለዚህ ደብዳቤ መልስ በ14 ቀን ውስጥ በጽሑፍ እጠብቃለሁ፤ በድምፅ መልእክት አይሁን። መልስ ካላገኘሁ ቅሬታዬን ከነማስረጃው፣ ድሮ ኦ.አይ.ኤስ.ሲ ይባል ለነበረውና አሁን የኢሚግሬሽን ምክር ባለሥልጣን ለተባለው ተቆጣጣሪ አቀርባለሁ። የምዝገባ ወረቀታችሁ እንግዳ መቀበያው ግድግዳ ላይ ስለተሰቀለ ቁጥሩን ይዣለሁ።

ከሰላምታ ጋር

የፋይሉ ባለቤት
(ፊርማ)

አባሪ፦ አራት ደረሰኞች፣ የውሉ ቅጂ፣ የኢንስፔክሽን ሪፖርቱ፣ በእጅ የተሠራ የቤቱ ፕላን ከነልኬቱ

ግልባጭ፦
ለአባቴ
ለባለቤቴ፣ ደሴ