ነጭ የደም ሴል ስለጨመረ ብቻ የስትሮክ ሕመምተኛ አንቲባዮቲክ አይጀመርለት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስትሮክ የመታው ሰው ሆስፒታል በገባበት ዕለት የደም ምርመራው ላይ ነጭ የደም ሴል 13 ሺህ ወይም 14 ሺህ ሆኖ ሲገኝ ቤተሰብ «ኢንፌክሽን ይዞታል» ብሎ ይደነግጣል። ብዙ ጊዜም ሌላ ምልክት ሳይፈለግ ሴፍትሪያክሶን የተባለው አንቲባዮቲክ ይታዘዛል። ይህ ልማድ ሊታረም ይገባል።

የአዋቂ ሰው መደበኛ መጠን በአንድ ማይክሮሊትር ደም ከ4 ሺህ እስከ 11 ሺህ ገደማ ነው። ስትሮክ ሲደርስ ሰውነት አድሬናሊንና ኮርቲዞል የተባሉ የጭንቀት ሆርሞኖችን ያመነጫል፤ በደም ሥር ግድግዳ ላይ ተጣብቀው የቆዩ ኒውትሮፊል የተባሉ የነጭ ደም ሴል ዓይነቶች ይላቀቁና ቁጥሩ በሰዓታት ውስጥ ያሻቅባል። ለዚህ ጀርም አያስፈልግም። ዴክሳሜታዞን የተባለው ስቴሮይድ መድኃኒት የተሰጠው ሕመምተኛም ቁጥሩ ይጨምራል። የተጎዳው የአንጎል ክፍል ሲሰፋ ደግሞ ጭማሪው ያይላል፤ ከፍ ያለ ቁጥር ከአዝጋሚ ማገገም ጋር አብሮ የሚታየው በከፊል በዚህ የተነሳ ነው። በአንጻሩ ሊምፎሳይት የተባለው ሌላው የነጭ ደም ሴል ዓይነት ይቀንሳል፤ ያን ጊዜ የሰውነት መከላከያ ይዳከማል፣ ለሳንባ ምችም በር ይከፈታል። ስለዚህ ጠቅላላ ድምሩ ብቻውን አይበቃም። ኒውትሮፊሉ ለሊምፎሳይቱ ተካፍሎ ይታይ፤ ምርመራው በ2ኛው ወይም በ3ኛው ቀን ይደገም። እየወረደ ከሆነ ጥሩ ነው፤ እየወጣ ከሆነ ሳንባውም ሽንቱም ይመርመር። ናሙናው ሐምራዊ ክዳን ባለው ቱቦ እስከ ምልክቱ ተሞልቶ ወዲያው 8 ጊዜ ያህል ቀስ ተደርጎ ካልተገለባበጠ ይረጋል፤ የረጋ ደም ቁጥር አይታመንም።

አንቲባዮቲክን አስቀድሞ መስጠት በኔዘርላንድስ ከ2,500 በላይ ሕመምተኞች ላይ ተፈትኗል። ሴፍትሪያክሶን በቀን 2 ግራም ለ4 ቀን ተሰጠ። እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው ውጤት የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ቢቀንስም የሳንባ ምች አልቀነሰም፤ ከ3 ወር በኋላ የነበረው ማገገምም አልተሻሻለም። እ.ኤ.አ. በ2011 ከአውስትራሊያ የወጣው ጥናት ግን ነርሶች በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት ትኩሳትን፣ ስኳርንና መዋጥን በሥርዓት ሲከታተሉ፣ በ90ኛው ቀን የሞቱት ወይም የአካል ጉዳት ያለባቸው ከ58 በመቶ ወደ 42 በመቶ መውረዳቸውን አሳይቷል።

እኛ አገር አልጋው አጠገብ የሚውለው አስታማሚ ነውና ይህን አጥብቀን እንናገራለን። ሕመምተኛው መዋጥ መቻሉ ሳይረጋገጥ አጥሚት፣ ሾርባ፣ ውኃም ሆነ የሚጠጣ ጠበል በአፉ አይግባ፤ ጠበሉን መርጨት ይቻላል። የሠለጠነ ነርስ ቀጥ አድርጎ አስቀምጦ በሻይ ማንኪያ ውኃ ደጋግሞ ይሞክርለት። ቢያስለው፣ ድምፁ ውኃ የቋጠረ ቢመስል ወይም ትንፋሹ ቢቆራረጥ ምግቡ በአፍንጫ ቱቦ ይሆናል። ሳያስል ምግብ ወይም ውኃ ወደ ሳንባው የሚገባበትም ስላለ፣ ምንም ምልክት ያላሳየው ሰው ሲበላም ቀጥ ብሎ ተቀምጦ፣ አንገቱን ወደ ኋላ ሳያጋድል፣ በትንሽ በትንሹ ይሁን።

ትኩሳቱ 38 ዲግሪ ካለፈ፣ አክታው መግል ከመሰለ፣ ኦክስጅኑ ከወረደ ወይም ራጁ ምች ካሳየ ግን አንቲባዮቲኩ በዚያው ሰዓት ይጀመር፤ የደም ቁጥሩ እስኪደገም አይጠበቅ።

የነርቭ ሕክምናና የላቦራቶሪ ባለሙያዎች