ያረጀ ፈረስ ሰኮና፦ ከባዮቲኑ በፊት መኖው

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ይህን የምንጽፈው ሰኮናው ለሚሰነጠቅ ያረጀ ፈረስ ባዮቲን የተባለውን ቫይታሚን መግዛት ለሚያስቡ ባለጋሪዎች ነው። ባዮቲን ይጠቅማል። የሚጠቅመው ግን ገና ለሚያድገው ሰኮና እንጂ ለተሰነጠቀው አይደለም። ሰኮና በወር ከ6 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ስለሚያድግ ከጠጉሩ ግርጌ እስከ ፊተኛው ጫፍ ለመታደስ ከ9 እስከ 12 ወር ይፈጃል። ሁለት ወር ሰጥቶ «አልሠራም» ብሎ የሚያቆም ሰው ገንዘቡን ይጥላል። መጠኑም ይስተዋል፦ በቀን ከ15 እስከ 20 ሚሊ ግራም የሚባለው 500 ኪሎ ለሚመዝን ፈረስ ነው። የእኛ የጋሪ ፈረስ ክብደት የዚያ ግማሽ ያህል በመሆኑ 10 ሚሊ ግራም ይበቃዋል።

መኖው ካልተስተካከለ ግን ይህም ከንቱ ነው። በጭድና በፉርሽካ ብቻ የሚኖር ፈረስ ሰኮና መሥሪያ ያጥረዋል። ጭድ ፕሮቲኑ ከ5 በመቶ ብዙም አያልፍም። ፉርሽካ ደግሞ ፎስፈረሱ ከካልሲየሙ ብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ በውስጡ ያለው ፋይቴት የተባለ ንጥረ ነገርም ዚንክ የተባለው ማዕድን እንዳይመጠጥ ይይዛል። ስለዚህ ለአንድ ኪሎ ፉርሽካ 30 ግራም፣ ማለትም ሁለት ልሙጥ የሾርባ ማንኪያ፣ የኖራ ድንጋይ ዱቄት ይቀላቀልበት። ግድግዳ የሚቀባው ኖራ አይደለም፤ እሱ አፍና አንጀት ያቃጥላል። ለፕሮቲኑ በቀን ከ300 እስከ 500 ግራም የኑግ ፋጉሎ በቂ ነው፤ በአንድ ጊዜ ሳይሆን በ10 ቀን ውስጥ ቀስ እያሉ ያድርሱት። የሻገተ ከሆነ ርካሽም ቢሆን አይገዛ። አልፋልፋ ከተገኘ ፕሮቲንም ካልሲየምም አብሮ ይዞ ይመጣል። ዚንክና መዳብ የሚጨመር ከሆነ ዚንኩ የመዳቡን ሦስት ወይም አራት እጥፍ ይሁን።

የሽማግሌ ፈረስ ጥርስም ይታይ። ያኘከውን ሣር አድቦልቡሎ ከአፉ የሚጥል ፈረስ የቱንም ያህል ቢበላ አይጠቅመውም። ጥርሱ እስኪሞረድ ድርቆሹ ይከተፍለት፣ ፉርሽካውም በውኃ ይራስለት።

ሰኮናው ላይ ከፊት ጠበብ፣ ተረከዙ ጋ ሰፋ የሚሉ ቀለበቶች ከታዩ ግን ላሚናይቲስ (የሰኮና ውስጠኛው ሥጋ መቆጣት) መጠርጠር አለበት። ይህ በተለይ ረጅም ጠጉሩን በወቅቱ በማይጥል ሽማግሌ ፈረስ ላይ ይበረታል። እንዲህ ላለው ገብስ ይቅር፣ ሐኪምም ይየው። ጤነኛውም ቢሆን በአንድ ጊዜ ከግማሽ ኪሎ በላይ ገብስ አይሰጠው።

ማሟያ መደራረብም ጉዳት አለው። ሴሌኒየም የተባለው ማዕድን ሲበዛ ሰኮናውን ከጠጉሩ ግርጌ በአግድም ይሰነጥቃል፣ የጋማና የጭራ ጠጉር ያረግፋል፤ ባለቤቱም እጥረት መስሎት ይጨምርበታል።

ከሁሉ የሚብሰው ቫይታሚን አለው ተብሎ ለፈረስ የሚሰጥ የዶሮ መኖ ወይም ፕሪሚክስ (መኖ ውስጥ የሚገባ የቫይታሚንና የማዕድን ቅይጥ) ነው። ኮክሲዲያ የተባለውን የዶሮ አንጀት ጥገኛ ተሕዋስ ለመከላከል ሞነንሲን የሚባል መድኃኒት ተጨምሮበት ሊሆን ይችላል። ዶሮው ይችለዋል፤ ለፈረስ ግን ጥቂቱም የልብ ጡንቻውን አበላሽቶ ይገድላል፣ ማርከሻም የለውም። መኖ አቀናባሪዎች ሞነንሲን ባለበት ከረጢት ሁሉ ላይ «ለፈረስ፣ ለአህያና ለበቅሎ አይሰጥ» ብለው በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ በጉልህ እንዲጽፉ፣ ተቆጣጣሪውም አካል ይህን እንዲያስገድድ እንጠይቃለን።

ሁለት የእንስሳት ሐኪሞች፣ ቢሾፍቱ