«96.9 ይይዛል» ተብሎ ስለተሸጠልኝ የመኪና ሬዲዮ

ለ፦ የመኪና ቴፕና ሬዲዮ መሸጫና መግጠሚያ ድርጅት
ባሕር ዳር

ጉዳዩ፦ ቅሬታ ስለማቅረብ

ጤና ይስጥልኝ። እንደምን ሰነበታችሁ?

የገዛሁትን ዕቃ ታውቁታላችሁ። መኪናዬ ላይ የገጠማችሁትም እናንተው ናችሁ። የደረሰኙን ኮፒ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። ሬዲዮው የባሕር ዳርን ኤፍ ኤም፣ 96.9ን፣ አልይዝ ስላለ ሞገዱን ዝቅ አድርጋ የምታስይዝ መቀየሪያ ልትገጥሙልኝ ነበር። ስለዚህ ከሥሩ ጀምሬ አልተርክም። የምጽፈው በዋናነት ስላለፈው ማክሰኞ ነው።

ሰኞ ማታ ከሱቃችሁ ተደወለልኝ። እኔ አልደወልኩም፤ የደወላችሁት እናንተ ናችሁ። ይህ ይሰመርልኝ። «ጋሼ፣ መቀየሪያዋ መጥታለች። ነገ 3 ሰዓት ላይ ይምጡ፤ በግማሽ ሰዓት ገጥመን እንሸኝዎታለን» አለኝ ልጁ።

«እርግጠኛ ነህ ልጄ? ከመራዊ ነው እኮ የምነሳው» አልኩት።

«ጋሼ ደግሞ! እጄ ላይ ናት እኮ የምልዎት» አለኝ።

እጁ ላይ የያዘውን ዕቃ ሰው አይጠራጠርም። እኔም አልተጠራጠርኩም። ማክሰኞ ማለዳ ነዳጅ ሞልቼ ተነሳሁ። 3 ሰዓት ሳይሞላ በራችሁ ላይ ነበርኩ። ሱቁ ዝግ ነው። ቁርስ ላይ ይሆናሉ ብዬ መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ ጠበቅኩ። ቆየት ብሎ ያው የደወለልኝ ልጅ መጥቶ ከፈተ። ተከትዬው ገባሁ። እግዜር ይስጠው፣ ለሰላምታዬ ራሱን ነቀነቀልኝ። ዓይኑ ግን ስልኩ ላይ ነው።

«መቀየሪያዋን ብዬ መጣሁ» አልኩት።

«የቷን?»

«ማታ እጄ ላይ ናት ያልከኝን።»

«እ... እሷማ ተሸጠች፣ ጋሼ።»

«መቼ?»

«ዛሬ ጠዋት።»

እንግዲህ ልብ በሉ። ሱቁ የተከፈተው ዓይኔ እያየ ነው። ከእኔ በፊት የገባ ሰው የለም። ይህንኑ ስነግረው ትንሽ አሰበና ወሬውን ቀየረው። ነገሩ ጭራሽ የሬዲዮው ችግር እንዳልሆነ ያስረዳኝ ጀመር። «እናንተ ጋ ተራራ ስላለ ነው። ጮቄ ነው ሞገዱን የሚጋርድብዎት። እኛ ደግሞ ተራራ አናነሳ!»

ጮቄ! እኔ ጡረታ የወጣሁ የፊዚክስ መምህር ነኝ። ጎጃምንም በእግሬም በመኪናዬም አውቃታለሁ። ጮቄ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ተራራ ነው፤ ይህ እውነት ነው። ኤፍ ኤም ደግሞ ቀጥ ባለ መስመር ስለሚጓዝ ተራራ ሲደቀንበት ይደክማል፤ ይህም እውነት ነው። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ስንወርድ ሬዲዮ የሚንሿሿው ለዚህ ነው። ግን ጮቄ ያለው ምሥራቅ ጎጃም ነው። ከመራዊ ባሕር ዳር የሚያደርሰው መንገድ ሜዳ ለሜዳ ነው። የሜጫን ሜዳ ያየ ሰው ሁሉ ይመሰክራል። ጮቄ ከዚያ ርቆ ተቀምጦ የማንን ሞገድ ይጋርዳል?

ደግሞስ በዚያች ሰዓት መኪናዬ የቆመችው መራዊ አይደለም። ሱቃችሁ በር ላይ ነው። ጣቢያው ራሱ ያለበት ከተማ፣ ባሕር ዳር መሃል! እዚያም ሬዲዮው 96.9ን አልያዘም። ከጎናችሁ ቡና የምታፈላው ልጅ ግን በትንሽዬ የቻይና ሬዲዮ ያንኑ ጣቢያ ከፍታ ታዳምጣለች። ድምፁ እስከ እኔ ይመጣል። ልጁን ወደ በሩ ጠራሁትና «ይኼ የሚሰማው ምንድን ነው?» አልኩት።

መልሱን ቃል በቃል እጽፈዋለሁ። «ጋሼ፣ አሁን ሬዲዮ ማን ይሰማል? ስልክ የለዎትም እንዴ?»

በዚህ መሃል ገብተው ከመደርደሪያው ኋላ ሒሳብ የሚቆጥሩ አንድ ሰው ነበሩ። ሳቁ። ቀና እንኳ አላሉም። ይህን ደብዳቤ የሚያነቡት እሳቸው ከሆኑ፣ አዎ፣ ሰምቼዎታለሁ።

ስልክ አለኝ። ስልክ ስላለኝ ነው ሰኞ ማታ ልትደውሉልኝ የቻላችሁት። ሬዲዮ የገዛሁት ግን እጄ መሪ ላይ ሆኖ ዜና ልሰማ ነው። ሰው በገንዘቡ የገዛው ዕቃ ይሠራል ወይ ብሎ ሲጠይቅ «ዕቃው ለምን ያስፈልግዎታል?» ይባላል? በየትኛው ሱቅ?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ልጁ ላያውቅ ይችላል፤ እናንተ ግን ከዚህ ሥራ እንጀራ ትበላላችሁ። ሬዲዮው የተሠራው ለጃፓን ገበያ ነው። የጃፓን ኤፍ ኤም ደግሞ ለረጅም ጊዜ ከ76 እስከ 90 ሜጋ ኸርዝ ብቻ ነበር። ከ90 እስከ 108 ያለውን የአናሎግ ቴሌቪዥን ጣቢያዎቻቸው ይዘውት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 ቴሌቪዥኑ ወደ ዲጂታል ከዞረ በኋላ ነው እስከ 95 ያለው ለሬዲዮ የተለቀቀው። የእኛ ሀገር ኤፍ ኤም ደግሞ ከ87.5 እስከ 108 ነው። የእኔ ሬዲዮ እኛን የሚያገኘን ከ87.5 እስከ 90 ባለችው ጠባብ ቦታ ላይ ብቻ ነው። ቁልፉን ስታዞሩት 90 ይደርስና ተመልሶ 76 ይላል። አዲሱ የጃፓን ኤፍ ኤም እንኳ 95 ላይ ያበቃለታል። 96.9 አይደርስም። አዲስ አበባ ብሄድም ያው ነው፤ ፋና 98.1ም ሸገር 102.1ም ከዚያ በላይ ናቸው።

ስለዚህ ሬዲዮው አልተበላሸም። ለሌላ ሀገር የተሠራ ጤነኛ ዕቃ ነው። ያናደደኝም ይኸው ነው። ስገዛ ጠይቄያችኋለሁ። «የባሕር ዳርን ኤፍ ኤም ይይዛል?» ብያለሁ። «96.9 ይይዛል፤ እንደ ደወል ነው የሚያቃጭለው» ተብያለሁ። የጠየቅኩት ስለ ሌላ ነገር አይደለም። ስለዚህችው ቁጥር ነው።

መቀየሪያ የምትሏት ዕቃም ተአምር አይደለችም። በአንቴናውና በሬዲዮው መካከል የምትገባ ትንሽ ሳጥን ናት። ከአንቴናው የሚመጣውን ሞገድ በተወሰነ ቁጥር ዝቅ ታደርገዋለች። በ20 የምትቀንስ ከሆነች ሬዲዮው 96.9ን የሚያገኘው 76.9 ላይ ነው። በ12 የምትቀንስ ከሆነች 84.9 ላይ ነው። ልዩነት አለው ታዲያ። በ12 የምትቀንሰው ከሆነች ሸገር 90.1 ላይ ያርፍና ለጥቂት ያመልጠናል። በ20 የምትቀንሰው ትሻለኛለች። የትኛው ጣቢያ በየትኛው ቁጥር እንደሚገኝ በብጣሽ ወረቀት ጽፎ ለደንበኛ መስጠት ነው። የመቀነስ ሒሳብ ነው፤ ልጆች ይሠሩታል። ይህችን ዕቃ ነው እንግዲህ ዛሬ፣ ነገ፣ «ከአዲስ አበባ እየመጣች ነው»፣ «ሹፌሩ ረስቷት ነው» ስትሉኝ የከረማችሁት። መጨረሻ ላይ እጃችሁ ገባች፤ ከእጃችሁም ሱቅ ሳይከፈት ተሸጠች።

ሌላውን ሁሉ ትቼላችሁ ነበር። ካነሳሁት አይቀር ግን ልናገረው።

ሰዓቱን ውሰዱ። ሞተር ባጠፋሁ ቁጥር ሰዓቱ ዜሮ ይገባል፤ በኤ ኤም ያስቀመጥኳቸው ጣቢያዎችም ይጠፋሉ። የቁጥሩን ቁልፍ ጢ እስኪል ይዤ አስቀምጣቸዋለሁ፤ ስመለስ የሉም። ብነግራችሁ «ባትሪዎ ሞቷል፤ ይቀይሩ» አላችሁኝ። የመራዊ ኤሌትሪሺያን ክሩስኮቱን (ዳሽቦርዱን) ፈትቶ አየና ሳቀ። እናንተ በቀጠላችሁት ገመድ ላይ ቢጫው ሽቦ ሁልጊዜ ከባትሪው ኮረንቲ ማግኘት አለበት፤ የሬዲዮው ማስታወሻ የሚኖረው በእሱ ነው። ቀዩ ግን ቁልፍ ሲዞር ብቻ ነው ኮረንቲ የሚያገኘው። እናንተ አቀያይራችሁ ነው የገጠማችኋቸው። ኤሌትሪሺያኑ ሁለቱን አዟዙሮ ቀጠላቸውና አለቀ። ገንዘብ ስሰጠው «ተዉት ጋሼ» አለኝ። እኔ በእናንተ ምክር ባትሪ ልገዛ ነበር።

የኋላ ስፒከሮቹስ? «ተቃጥለዋል» ተብዬ የአዲሱ ዋጋ ሁሉ ተነገረኝ። ለካ ፌደሩ ጥግ ድረስ ወደ ፊት ተገፍቷል። ድምፁን ለፊትና ለኋላ የሚያካፍለው ማለቴ ነው። ወደ መሃል ስመልሰው ስፒከሮቹ ሸጋ አድርገው ዘፈኑ። ይህ ነገር ሬዲዮ ገጥሞ የሚኖር ሰው ይጠፋዋል ብዬ አላምንም። ስፒከር ሊሸጥልኝ ፈልጎ ነው ብዬም አልምልም። እናንተው መርምሩት።

ሲዲው ጋ ስንመጣ ሬዲዮውንም ዲስኩንም ከአንድ ባንኮኒ ላይ ነው የገዛሁት። ዲስኩ ላይ የሞላችሁበት ዘፈን በኤም ፒ 3 ነው። ሬዲዮው ግን የሚያውቀው ተራውን የሙዚቃ ሲዲ ብቻ ነው፤ 74 ወይም 80 ደቂቃ የሚይዘውን። ኤም ፒ 3 ሲገባለት ጥቂት ያሽከረክረውና መልሶ ይተፋዋል። «ሲዲው ቆሽሾ ነው፤ ይጥረጉት» ተባልኩ። ከላስቲኩ ውስጥ ያወጣሁት አዲስ ሲዲ!

የካሴቱን ነገር ባልጽፈው ደስ ይለኝ ነበር። ማጫወቻውን ስትሞክሩ ያስገባችሁት የእኔን ካሴት ነው። የወንድሜ ሠርግ ማሲንቆ የተቀዳበትን። መደርደሪያችሁ ላይ የማንም ያልሆነ ካሴት ሞልቶ ሳለ ማለት ነው። የካሴቱ ገመድ ማጫወቻው ውስጥ ባለችው የላስቲክ ጎማ ላይ ተጠምጥሞ ቀረ። ያቺ ጎማ አቧራ ጠግባ ነበር። በአልኮል በተነከረ ጥጥ ጠረግ ብትደረግ ይህ ሁሉ አይመጣም። ልጁ ገመዱን በመቀስ ቆረጠውና «ጋሼ፣ ካሴት እኮ ቀርቷል» አለኝ። ካሴት ከቀረ የካሴት ማጫወቻ ለምን ትሸጣላችሁ? ይቅርታም አልሰማሁም። ቁራጩን ጠቅልሎ እጄ ላይ አኖረልኝ፣ በቃ።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የሚባል ሕግ አለ። ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ዓይነትና ጥራት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው ይላል። በነጋዴ ዘንድ በትሕትናና በአክብሮት መስተናገድም መብቱ ነው ይላል። ሁለቱንም አላገኘሁም። ሕግ ልጠቅስባችሁ አልፈለግኩም ነበር፤ የአንድ አገር ሰዎች ነን፣ በሰላም እንግባባለን ብዬ ነው የቆየሁት።

ይህን ደብዳቤ ስጀምር ልጠይቅ ያሰብኩት መቀየሪያዋን ብቻ ነው። በ20 የምትቀንሰውን ገጥማችሁ፣ ቁጥሮቹን በወረቀት ጽፋችሁ ስጡኝ ልል ነበር። እየጻፍኩ ስሄድ ግን በዝቶ አገኘሁት። ስለዚህ ጥያቄዬ ይኸው ነው። ወይ እስከ 108 ድረስ በራሱ የሚይዝ ሬዲዮ ቀይሩልኝ፣ ወይ የከፈልኩትን ገንዘብ መልሱልኝ። መቀየሪያዋ አሁን አትበቃኝም። የማክሰኞውን የነዳጅ ወጪ ጨምራችሁ ትመልሳላችሁ፤ የጠራችሁኝ እናንተ ናችሁና። የማይነበበውን የሲዲ ዋጋም እንዲሁ። መደርደሪያችሁ ላይ የተደረደሩት የጃፓን ሬዲዮዎች ፊትም «ከ90 በላይ አይይዝም» የሚል ጽሑፍ ለጥፉ። ይህ ለእኔ አይደለም። ከመራዊ፣ ከዱርቤቴ፣ ከዳንግላ፣ ከአዴት የሚመጣ ሰው ሁሉ እናንተን አምኖ ነው የሚገዛው።

ከልጁ ጋር ጠብ የለኝም። ልጅ ነው፤ ያስተማራችሁትን ነው የሚናገረው። ይቅርታ የምፈልገው ከኋላ ተቀምጠው ከሳቁት ሰው ነው። በቃልም ሳይሆን በጽሑፍ፣ የድርጅቱ ማኅተም ያረፈበት።

እስከ መጪው ሰኞ እጠብቃለሁ። ከዚያ በኋላ ጉዳዩን ለንግድ ጽሕፈት ቤቱ አቀርባለሁ። ሬዲዮውን ፈትቼ፣ ደረሰኙን ይዤ ነው የምሄደው፤ 90 ላይ ደርሶ ሲመለስ እዚያው ጠረጴዛ ላይ በባትሪ አሳያቸዋለሁ።

እባካችሁ ስልክ አትደውሉልኝ። መልሱን በወረቀት አድርጉና ለመራዊ ሚኒባስ ሹፌር ስጡት፤ መናኸሪያ ወርጄ እቀበለዋለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ደንበኛችሁ፣ ከመራዊ

አባሪ፦ የደረሰኝ ኮፒ፣ የተቆረጠው ካሴት ፎቶ
ግልባጭ፦ ለራሴ ፋይል (ለጊዜው)