አንድ ፊልም ከፍተን ሁለት ፊልም አየን

ለፊልም ማሰራጫችሁ የደንበኞች አገልግሎት ክፍል

ጉዳዩ፦ በሃሎዊን ሳምንት ያሳያችሁንን አስፈሪ ፊልሞች ይመለከታል

ጤና ይስጥልኝ፤

የአገልግሎታችሁ ደንበኛ ከሆንኩ ስድስት ዓመት ሊሞላኝ ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድም የቅሬታ ደብዳቤ ጽፌላችሁ አላውቅም። ቪዲዮው ሲቆራረጥ አፑን ዘግቼ እከፍታለሁ። እምቢ ካለ ነገም ቀን ነው ብዬ እተኛለሁ። ነገረኛ ሰው አይደለሁም ለማለት ያህል ነው። የዘንድሮው የሃሎዊን ሳምንት ግን ከአቅሜ በላይ ሆነብኝና ይኸው ለመጻፍ ተቀመጥኩ።

ለምን እንደተናደድኩ እንዲገባችሁ መጀመሪያ ማን እንደሆንን ልንገራችሁ። አምስት ነን፤ እኔ፣ ታናሽ እህቴና ሦስት የልጅነት ጓደኞቻችን። ኑሮ በየአገሩ በትኖናል። አምስታችንም የእናንተ ደንበኞች ነን፤ አምስት ሰው ለየብቻው ይከፍላችኋል። በዓመት አንዴ፣ ሃሎዊን የሚባለው የመፈራሪያ በዓል ሲቃረብ፣ አምስት አስፈሪ ፊልም እንመርጣለን። አራቱን እያንዳንዳችን በተመቸን ሰዓት እናያለን። አምስተኛውን ኦክቶበር 31 ማታ እኩል ከፍተን አብረን እናያለን፤ የአንዱ ማታ የሌላው ንጋት ቢሆንም። ከዚያ ስልክ ላይ ተሰብስበን እንከራከራለን። ማን ፈራ? ማን ዓይኑን ሸፈነ? የቱ ነው ስሙ ብቻ የገነነው? ለእያንዳንዱ ፊልም ከአሥር ውጤት እንሰጣለን፣ እኔ ደብተር ላይ እመዘግባለሁ። እውነቱን ለመናገር ፊልሙ ሰበብ ነው። ዓመቱን ሙሉ የምንጠብቀው ክርክሩን ነው።

ዘንድሮ ያበላሻችሁብን ይህንኑ ክርክር ነው።

ከዘ ሻይኒንግ ልጀምር። የስታንሊ ኩብሪክ ፊልም ነው፣ የ1980። ጥያቄያችን በየቦታው ሰው የሚጨቃጨቅበት ነበር፦ ከሚስቱ ከዌንዲና ከትንሹ ልጁ ከዳኒ ጋር ባዶ ሆቴል ሊጠብቅ የሄደውን ጃክን ያሳበደው ሆቴሉ ነው ወይስ ሰውዬው ሲመጣም እንዲሁ ነበር? እኔ ሆቴሉ ነው አልኩ። ሰውዬው ትንሽ ቁጡ ነው እንጂ ክፉ አይደለም፤ ያ ባዶ ሕንፃ ነው የበላው አልኩ። እህቴ ወዲያው ተነሳችብኝ።

«ዌንዲ ለሐኪሟ የነገረቻትን ረሳኸው እንዴ?»

«የቷ ሐኪም?»

«ዳኒን ቤት መጥታ የመረመረችው ናታ! ጃክ ሰክሮ የልጁን ክንድ እንዳወለቀው ዌንዲ ለእሷ አይደል እንዴ የነገረቻት?»

ፊልሙ ላይ ሐኪም የለችም አልኩ። እህቴ ተኝተህ ነው ያየኸው አለች። ክርክር የሚወደው ጓደኛችን፣ ጠበቃው የምንለው፣ እሱም ሐኪም አላየሁም ብሎ ከእኔ ጎን ቆመ። እህቴ በዚህ አላበቃችም፤ መጨረሻ አካባቢ ዌንዲ አዳራሹ ውስጥ ስለምታያቸው አፅሞች ጠየቀችን። የምን አፅም? ሃያ ደቂቃ ሙሉ ተጯጯህን። አንዱ ስልኩን እየነካካ ነው ያየው፣ ሌላዋ ሕልም አይታ ነው ተባባልን። በመጨረሻ ጠበቃው ርዝመቱን ተመልከቱ አለ። እህቴ ያየችው 2 ሰዓት ከ24 ደቂቃ ነው። እኛ ያየነው 1 ሰዓት ከ59 ደቂቃ ነው። ሃያ አምስት ደቂቃ!

እህቴ የምትኖረው አሜሪካ ነው። ኩብሪክ ለአሜሪካ ተመልካች ረጅሙን ትቶ ለውጭ አገር ሲሆን ራሱ አሳጥሮት እንደነበር ያወቅሁት ከጭቅጭቁ በኋላ ነው። ስለዚህ አጭሩ ሐሰተኛ አይደለም፣ የዳይሬክተሩ የራሱ ሥራ ነው። በዚህ አልወቅሳችሁም። የምወቅሳችሁ ፖስተሩ አንድ፣ ስሙ አንድ፣ ዓመተ ምሕረቱ አንድ ሆኖ ሳለ ውስጡ ሌላ በመሆኑ ነው። ይባስ ብሎ እኔ በከፈትኩት ገጽ ላይም የተጻፈው 2 ሰዓት ከ24 ደቂቃ ነው። ፎቶ አንስቼ አያይዤላችኋለሁ።

ሃያ አምስት ደቂቃ ምን ለውጥ ያመጣል እንዳትሉኝ። እህቴ ስለ ክንዱ የሰማችው ገና መጀመሪያ ላይ ነው፣ ከእናቲቱ አፍ። ዌንዲ ፈገግ ለማለት እየሞከረች፣ ነገሩን እያቃለለች ስታወራው የሐኪሟ ፊት ይቀየራል አለችኝ እህቴ። ከዚያ በኋላ ጃክን በጥርጣሬ ነው የምታየው። እኔ ግን ነገሩን የሰማሁት በኋላ፣ ከራሱ ከጃክ አፍ ነው። ባዶው አዳራሽ ውስጥ መጠጥ ከሚቀዳለት ሰውዬ ጋር ሲያወራ፣ አደጋ ነበር እያለ። አምኜው ነበር እኮ! ተከሳሹን ብቻ ሰምቼ ፈረድኩ። እኔና እህቴ የተከራከርነው ስለ አንድ ሰውዬ አልነበረም፤ እናንተ ሁለት ጃክ ነው የሰጣችሁን። ውጤት ሰጥተን ስናበቃ የእሷ 9፣ የእኔ 7 ነበር። የእኔን ሰርዤዋለሁ።

ወደ ኖስፌራቱ ልለፍ። የ1922 ድምፅ አልባ ፊልም ነው፣ ሙርናው የሠራው። ይህ ፊልም ስንት መከራ አልፎ እንደመጣ ታውቃላችሁ? ታሪኩ ያለ ፈቃድ ድራኩላ ከተባለው የቫምፓየር፣ የደም መጣጭ ፍጡር፣ ልቦለድ የተወሰደ ነው ብላ የሟቹ ደራሲ የብራም ስቶከር ሚስት ከሰሰች። ፍርድ ቤቱ በ1925 ቅጂዎቹ በሙሉ እንዲጠፉ ወሰነ። እንደምንም ተርፎ መቶ ዓመት ተሻገረ። እናንተ ጋ ሲደርስ ግን ሌሊቱን ቀን አደረጋችሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ ዘመን ካሜራው ጨለማ ውስጥ ማንሳት ስለማይሆንለት የሌሊቱን ትዕይንት የቀረጹት በቀን ነው። ከዚያ ፊልሙን በሰማያዊ ቀለም ይነክሩታል፤ ተመልካቹ ሰማያዊ ሲያይ ሌሊት ነው ብሎ ይረዳል። ቀለሙ ተመልሶለት በደንብ የታደሰ ቅጂ አለ። እናንተ ያሳያችሁን ቀለም የሌለውን ነው። ስለዚህ ያ ጥፍራም ፍጡር የሬሳ ሣጥኑን ታቅፎ በጠራራ ፀሐይ ከተማ መሃል ሲሄድ አየን። ፊልሙን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየችው ጓደኛችን መጨረሻው ላይ ግራ ገባት። «ፀሐይ ነው የገደለው? ታዲያ እስካሁን ሲንሸራሸር የነበረው የት ነው?» አለች። ምን ልበላት? ቫምፓየር በፀሐይ ብርሃን ይሞታል የሚለውን ለዓለም ያስተማረው ራሱ ይህ ፊልም ነው። እሷ 3 ሰጠችው። አልፈርድባትም።

ናይት ኦፍ ዘ ሊቪንግ ዴድን በአጭሩ ላንሳው። የጆርጅ ሮሜሮ የ1968 ፊልም አሜሪካ ውስጥ የማንም ንብረት አይደለም። አከፋፋዩ የፊልሙን ርዕስ ሲቀይር የባለመብቱን ማስታወቂያ ሳያስገባ ቀረ፤ በጊዜው ሕግ ደግሞ መብቱ በዚያው አለቀ። እህቴን ታዲያ ከወርሃዊው ክፍያ ላይ ተጨማሪ የኪራይ ሒሳብ አስከፍላችኋታል። ይሁን፣ ንግድ ነው። ግን ጥቁርና ነጩን ፊልም በኋላ ሰው ቀለም በቀባው ቅጂ ለምን? ከሞት ተነስተው ሰው የሚበሉት ሬሳዎች አረንጓዴ ናቸው! ማንም አልፈራም።

ሳይኮን ደግሞ ገና ሳንከፍተው ጨረሳችሁልን። ሂችኮክ በ1960 ፊልሙን ሲያወጣ ከተጀመረ በኋላ ማንም እንዳይገባ ሲኒማ ቤቶቹን አስጠንቅቆ ነበር፤ ያዩትም መጨረሻውን ለሌላ ሰው እንዳይናገሩ ለምኖ ነበር። እናንተ ግን ማጠቃለያ ብላችሁ በጻፋችሁት ሁለት መስመር ውስጥ የእናትየውን ምሥጢር ዘረገፋችሁት። እዚህ አልደግመውም፤ ይህን ደብዳቤ ከምታነቡት መሃል ያላየው ሊኖር ይችላል። ለዘ ሻይኒንግ ያወጣችሁት ትንሿ ምስልም የመጨረሻው የበረዶ ትዕይንት ናት። ይህን የሚመርጠው ሰው ነው ወይስ ማሽን? ሰው ከሆነ አንድ ቀን ባገኘው ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ ዋናው ማታ፣ ወደ ኦክቶበር 31። የመረጥነው የጆን ካርፔንተርን የ1978 ሃሎዊን ነበር። ለቀኑ ሌላ ምን ይመረጣል?

ፊልሙ የተሠራው በትንሽ ገንዘብ ነው። የተቀረጸው ካሊፎርኒያ ውስጥ በጸደይ ወቅት ስለነበር የረገፈ ቅጠል አልነበረም። ሠራተኞቹ ቅጠል ቀለም እየቀቡ መንገዱ ላይ ይበትናሉ፣ ቀረጻው ሲያልቅ ለቅመው ለሚቀጥለው ቦታ ያስቀምጣሉ። የገዳዩ ነጭ ጭምብል እንኳ ከሱቅ የተገዛ፣ የስታር ትሬክ ገጸ ባሕርይ የካፒቴን ከርክ ጭምብል ነው፤ ቀለም ቀብተው ነው እንደዚያ ያደረጉት። እንዲህ ቆጥበው የሠሩ ሰዎች አንድ ነገር ላይ ግን አልሰሰቱም። ምስሉን በሰፊው ስክሪን ቀረጹት። ካርፔንተር ያንን ስፋት የሚጠቀምበት ለማስፈራራት ነው። መሃል ላይ ልጅቷ ቆማለች፤ አንተ ግን ዓይንህ ጥግ ጥጉን ይፈልጋል፤ ከአጥሩ አጠገብ፣ ከመኪናው ኋላ፣ ከጨለማው በር። ፍርሃቱ ያለው ዳር ላይ ነው።

እናንተ ዳሩን ቆረጣችሁት። ቴሌቪዥኑን ከላይ እስከ ታች ለመሙላት ብላችሁ ከምስሉ ስፋት ሩብ ያህሉን ጣላችሁ። አንድ ቦታ ላይ ከገዳዩ የቀረልን ትከሻው ብቻ ነበር። ጠበቃው «ያ ምንድን ነው፣ መጋረጃ ነው?» አለ። ከላይና ከታች ጥቁር መስመር ቢኖር ምን ነበረበት? ማንም ሰው ጥቁር መስመር አይቶ ፊልም አልዘጋም።

ከዚህም የባሰው የግርጌ ጽሑፉ ነው። አንዱ ጓደኛችን ጆሮው ስለሚያስቸግረው ሁልጊዜ ጽሑፉን እናበራለን። ልጅቷ፣ ሎሪ፣ በሩ አጠገብ ተደግፋ ታለቅሳለች። ከኋላዋ ያለው ክፍል ድቅድቅ ጨለማ ነው። ከዚያ ጨለማ ውስጥ ነጩ ፊት ቀስ እያለ፣ በጣም ቀስ እያለ ብቅ ይላል። ድምፅ የለም፣ ግርግር የለም። በስልኩ የአምስታችንም ትንፋሽ ቆሟል። በዚህ መሃል ከሥር በትልቁ «ሎሪ ትጮኻለች» የሚል ጽሑፍ መጣ። አልጮኸችም እኮ ገና! ሁለት ሰከንድ ቀድሞ። ሁለት ሰከንድ ለሌላ ፊልም ምንም አይደለም፤ ለአስፈሪ ፊልም ሁሉ ነገር ነው። ጆሮው የሚያስቸግረው ጓደኛችን ፊልሙን በሙሉ እንዲህ ነው ያየው፤ በሩ ሳይመታ በሩ ተመታ እየተባለ። ከሁላችንም የተበደለው እሱ ነው፤ እኔ እንኳ ጽሑፉን ማጥፋት እችላለሁ።

መጨረሻውንም አልማራችሁልንም። ገዳዩ ከወደቀበት ቦታ ከጠፋ በኋላ ካሜራው ባዶውን ደረጃ፣ ባዶውን ሳሎን፣ ጨለማውን ቤት አንድ በአንድ ያሳያል፤ የሚሰማው የእሱ ትንፋሽ ነው። የት እንዳለ አታውቅም፣ የትም ሊሆን ይችላል። ልክ እዚያ ላይ ምስሉ ተኮማትሮ ጥግ ገባና «ቀጣዩ ፊልም በ10 ሰከንድ ውስጥ ይጀምራል» ተባልን። ቀጣዩ የፍቅር ኮሜዲ ነበር። ሪሞቱን ፍለጋ ስሯሯጥ ትንፋሹ አለቀ። እህቴ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

በማግስቱ ለአገልግሎት መስጫችሁ በቻት ጻፍኩ። የተቆረጠውን ምስል፣ የርዝመቱን ልዩነት፣ ሁሉንም። «ኢንተርኔትዎን አጥፍተው ያብሩ» የሚል መልስ መጣ። ኢንተርኔቴ 25 ደቂቃ ቆርጦ አይጥልም ብዬ መለስኩ። ቀጥሎ የአንድ ሳምንት ነጻ አገልግሎት እንደተሰጠኝ ተነገረኝ። ከዚያ «ጥያቄዎ ተፈትቷል» ተብሎ ተዘጋ። ማን እንደፈታው አላውቅም።

የምጠይቃችሁ ብዙ አይደለም። አንድ ፊልም ሁለት ቅጂ ካለው የትኛውን እንደምታሳዩና ትክክለኛውን ርዝመት ጻፉልን፤ ቢቻል ሁለቱንም አቅርቡና እኛ እንምረጥ። ምስሉን በተቀረጸበት ስፋት መልሱልን። መጨረሻ ላይ የሚወርደው የሠሪዎቹ ስም ዝርዝር እስኪያልቅ የቀጣዩን ፊልም ቆጠራ የምናጠፋበት ቁልፍ ስጡን። የግርጌ ጽሑፉን ከድምፁ ጋር አስተካክሉ፤ ይኼኛው ለነገ የሚባል አይደለም። እህቴ ለሊቪንግ ዴድ የከፈለችውን ኪራይ ለእሷ መልሱላት። ነጻውን ሳምንት ግን አልፈልገውም፣ ውሰዱት።

መልሳችሁን የሚቀጥለው ወር ክፍያ ከመቆረጡ በፊት እጠብቃለሁ። እስከዚያ ካልመጣ አምስታችንም ደንበኝነታችንን ለማቋረጥ ተስማምተናል። ጠበቃው እንኳ በዚህ አልተከራከረም።

የዘ ሻይኒንግ ውጤቴ ደብተሬ ላይ ባዶ ነው። ረጅሙን ቅጂ እኔ ባለሁበት አገርም ስትከፍቱት እሞላዋለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የስድስት ዓመት ደንበኛችሁ